የብላዦ ኩስቱዲች የመጨረሻ እንግዳ

አዛውንቱ ብላዦ ኩስቱዲች የሞቱት በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። እሑድ ቀትር ላይ ልጃቸው ዛጎርካ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ምሳ ይዛላቸው ስትመጣ እጃቸው ቀዝቅዞ አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ፣ የተጀመረ የወይን አረቄ ጠርሙስና ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ ነበር። ሐኪሙ ቅዳሜ ማታ ከመጠጥ ጋር በገባ መድኃኒት ሞተዋል አለ። የጼቲንዬ ከተማ ሰው ግን ሐኪሙን አልጠበቀም። «ራሱን ገደለ» ተባለ። «ዘግይቷል» ብሎ የጨመረበትም አልጠፋም።

ኢንስፔክተር ያግሊካ ማርቲኖቪች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ መጣች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ዛጎርካ በሩን ከፍታ ኮቷን እንኳ ሳትቀበላት ተናገረች።

«ቄስ ላዛር ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አላደርስም ብለውኛል። ማክሰኞ አባቴን ያለ ጸሎት አፈር ላልብሰው ነው። እስከዚያ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ሌላ የምለምንዎት የለም።»

«ራሳቸውን የገደሉ አይመስልሽም?»

«ሰኞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለመናገር ከነክራቫቱ ተዘጋጅቶ ነበር እኮ! ሸሚዙን የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ የሰውየው ዕድሜ በፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የመብራት ማማ ጠባቂው ልጅ በአጭር ሱሪ፤ የሕግ ተማሪው በሮም፤ አምባሳደሩ፤ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የድንበሩን ውል ሲፈርሙ። ያ ውል ጦርነቱን አስቁሟል። ነገር ግን ድርድሩ በሚጀመርበት ዋዜማ፣ ልዑካኑ እስከ የት ወደ ኋላ ለማለት እንደወሰኑ ተቃራኒው ወገን አስቀድሞ ሰምቶ ኖሮ በድንበሩ ያለው ሸለቆ በሙሉ ተወሰደ። ምስጢሩን ያወጣው ሰው አልታወቀም። ኩስቱዲች «ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው ሥልጣን ለቀቁ፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ ስማቸው «ከሃዲው» ሆነ።

«ሰኞ ምን ሊናገሩ ነበር?»

«ሐሙስ ዕለት በድርድሩ ጊዜ በተቃራኒው ወገን የነበረው ሽማግሌ ሚኒስትር ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። በካንሰር ሊሞት ነው፤ ለመሰናበት። እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ እህል አልቀመሰም። ምን ነገረህ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ማን እንደሸጠኝ ነገረኝ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ‹መጀመሪያ ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው› አለ።»

ያግሊካ ብርጭቆውን በመሀረብ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። አረቄው እንደ ውሃ የጠራ ነው። በብርጭቆው ግርጌ የደረቀው ዝቃጭ ግን ቡናማ ነበር። አሸተተችው።

«ዋልነት የሚሉት ፍሬ የተዘፈዘፈበት ቡናማ መጠጥ እዚህ ቤት አለ?»

«የለም። ያንን የሚያዘጋጀው ጋሼ ጋቭሮ ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል።»

«ጋቭሮ ሌኪች? የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው የነበሩት?»

«የእኔም የክርስትና አባት ነው። ለአባቴ ከወንድም በላይ የሆነ አበልጅ። ሰው ሁሉ ሲሸሸን እሱ አንድ እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ እንኳ ቅዳሴ ላይ አብረን ነበርን፤ ጧፍ ሁለት ገዝቼ አንዱን ‹ለአባቴ ጤና አብራልኝ› ብዬ ሰጠሁት። ጉልበቱን ስለሚያመው ጎንበስ ብሎ ሲያበራ ክንዱን ይዤ ነው ያነሳሁት።» ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ስልክ ደውዬ ሞቱን ስነግረው እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

ጎረቤቱ ስፓሶ በረንዳው ላይ ዓሣ እየገፈፈ ነበር። የአባቱ የወይራ ዛፎች ዛሬ ከድንበሩ ወዲያ ናቸው።

«ገበያ ላይ ‹ሰኞ አፉን ሳይከፍት አፈር ይግባ› ብለዋል አሉ» አለችው ያግሊካ።

«ብያለሁ! ዛሬም እላለሁ፤ ምን ይጎድልብኛል?»

«ነጻነትዎ ሊጎድል ይችላል፣ ጋሽ ስፓሶ።»

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጠ። «ስሚ ያግሊካ፤ እኔ ሰው ስጠላ በአደባባይ ነው የምጠላው። መርዝ የሚያጠጣ ሰው መጀመሪያ ቤት መግባት፣ መቀመጥ፣ ‹ለጤናችን› ማለት አለበት። እኔ በዚያ ሰውዬ በር ለመጨረሻ ጊዜ ሳልፍ ጸጉሬ ገና ጥቁር ነበር።»

«ቅዳሜ ማታ ሰው ሲገባ አላዩም?»

«በዚህ ዝናብ? ጃንጥላ አየሁ። ጃንጥላ ደግሞ ፊት የለውም።»

ጋቭሮ ሌኪች በጥቁር ልብስ ተቀበላት። ከኩስቱዲች መውደቅ በኋላ ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። የዋልነቱን መጠጥ ቀዳላት፤ ብርጭቆውን አልነካችም።

«ቅዳሜ ማታ ፖድጎሪትሳ እህቴ ዘንድ ነበርኩ» አላት። «እሑድ ጠዋት ከዚያ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሞቱን ያረዳችኝ ዛጎርካ ናት። ምነው ጆሮዬን ባደነቆረው!»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያገኟቸው?»

«ባለፈው ሳምንት። ከፍቶት ነበር። ያንን ሁሉ ስድብ ተሸክሞ መኖር ቀላል መሰለሽ? እኔ እንኳ ራሱን አጠፋ ስባል አልደነቀኝም። ለልጅቷ ግን እንዲህ አትበያት።»

ያግሊካ ወደ ቤቷ ስትመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፈች። እንደ ልማዷ አንድ ጧፍ ገዝታ ተንበረከከችና፣ ከታች ባለው አሸዋ በተሞላው ትሪ ውስጥ ለሟች ባሏ ተከለችለት። ቀና ስትል የላይኛው ትሪ በደረቷ ትክክል ሆነ። እዚያ የሚተከለው ለሕያዋን ነው፤ ለሙታን ከታች። የዚያ አገር ልጅ ይህን ከአፍ መፍቻው ጋር ይማራል። ለጥቂት ጊዜ ላይኛውንም ታችኛውንም ስትመለከት ቆየች። ከዚያ ቄስ ላዛርን ልትጠይቅ ሄደች።

«አባ፣ ዛሬ ጋቭሮ ሌኪች ስንት ጧፍ ገዙ?»

«ምንም አልገዛም። ልጅቷ የሰጠችውን ብቻ ነው ያበራው። ምነው?»

«ሰኞ ጠዋት ብላዦ ቤት ይምጡልኝ።»

ሰኞ ጠዋት፣ አዳራሹ ባዶውን በዋለበት ቀን፣ አራቱ በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። ቄሱ በሩ አጠገብ፣ ስፓሶ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጋቭሮ ከዛጎርካ ጎን እጇን ይዞ። ያግሊካ ቆማ ተናገረች።

«አባ፣ እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት ሰውየው ራሳቸውን መግደል አለመግደላቸውን ነው። አልገደሉም። መድኃኒቱ መራራ ነው፤ በጠራው አረቄ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቅ ነበር። የጠጡት ራሱ መራራ በሆነው በዋልነቱ መጠጥ ነው፤ ዝቃጩ ብርጭቆው ውስጥ አለ። የዋልነቱ ጠርሙስ ግን ቤት ውስጥ የለም። የሞተ ሰው ተነስቶ ጠርሙስ አይጥልም። እንግዳ ነበረ። መጠጡን ይዞ መጣ፣ እሱ የጠጣበትን ብርጭቆ አጥቦ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ፤ በቦታው የቤቱን አረቄ አስቀመጠ።»

«እኔም ጋ የጋቭሮ መጠጥ አለ» አለ ስፓሶ። «ልታስሪኝ ነው?»

«መጠጡ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤት አለ። ለዚህ ነው እሱን የተውኩት። ጥያቄው፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ብላዦ መሞታቸውን ማን ያውቅ ነበር የሚለው ነው። ዛጎርካ አላወቀችም፤ ለጤናቸው ጧፍ ገዝታለች። ቄሱም አያውቁም። ዛጎርካ፣ የክርስትና አባትሽ ጧፉን ሲያበሩ ምን ነበር ያደረግሽው?»

«ክንዱን ያዝኩት። ጎንበስ ብሎ...» ዛጎርካ አቋረጠች።

«ቀጥዪ።»

«ለሟች እናቴ ካበራሁት ጧፍ አጠገብ ነበር የተከለው። ክርናችን ተጋጭቶ ነበር።» እጇን ከጋቭሮ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። «ከታች ነበር። አባቴን ከታች አበራኸው።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ጋቭሮ። «ጧፍ ነው፤ ሰው አይሳሳትም?»

«ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣» አለች ያግሊካ፣ «በደረታቸው ትክክል ያለውን ትሪ ትተው መሬት ድረስ በስህተት አይወርዱም። ቅዳሜ ማታ የት እንደነበሩ እህትዎን ጠይቄያለሁ። ራት ሳይበሉ መውጣትዎን ነው የነገሩኝ።»

ጋቭሮ አቀረቀረ።

«ጧፉን እጄ ላይ አደረገችው» አለ። «ላይ ልተክለው ፈልጌ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ልዋሽ?»

«ያልዋሹት ለእሱ ብቻ ነው።»

«ዛጎርካ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ያኔ ምስጢሩን ለዚያኛው ወገን ባልነግር ድርድሩ ይፈርስ ነበር፤ ጦርነቱ ይቀጥል ነበር። ለሰላም ብዬ ነው!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለች። አላለቀሰችም። «‹ለሰላም ብዬ እኔ ነኝ› ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ከማስተምርበት ተባረርኩ። እናቴ ሐኪም ቤት ስትሞት ጠያቂ አልነበራትም። አንተ ግን በየእሑዱ ትመጣ ነበር። እያጽናናኸን ነበር።»

«ቅዳሜ እንዳይናገር ለመንኩት። ‹ሰኞ አብረን እንቁም፤ አንተ ተናገር፣ እኔ ከጎንህ እሆናለሁ› አለኝ። ይቅርታ ሊያደርግልኝ ነበር። ያንን ነው ያልቻልኩት።»

ያግሊካ ከውጭ ለሚጠብቁት ፖሊሶች ምልክት ሰጠች። ጋቭሮ ሲያልፍ የዛጎርካን ትከሻ ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

ቄስ ላዛር ወደ ዛጎርካ ቀረቡ። «ነገ ፍትሐቱ ይደርሳል። እኔ ራሴ ከቤት ጀምሬ እሸኘዋለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

ሁሉም ሲወጣ ስፓሶ ቀረ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። በዚያ አገር ልማድ፣ ለቀስተኛው ሲያልፍ ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ለማጽናናት የሚዘረጋውን የሰዉን እጅ የሚቀበለው የሟቹ አበልጅ ነው።

«ነገ ያ ቦታ ባዶ ሊሆን ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ። «እኔ... ሰዉ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ስድብ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ልቁም?»

ዛጎርካ ከወንበሯ ተነሳች።

«ቁም» አለችው። «ግን አንዲት ቃል እንዳትናገር።»