የአራተኛው ኮሪደር ሳቅ

ዘቢደር ገመቹ የመጨረሻዋን ተመልካች አንገት በጥጥ ጠርጋ ሳቅ ለኪዋን ለጠፈችበት። ሳቅ ለኪ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጉሮሮ ላይ የምትጣበቅ መሣሪያ ናት፤ ሰው ምን ያህል እንደሳቀ፣ ከልቡ ይሁን ለወጉ፣ ለክታ አዳራሹ ጥግ ወደቆመው ሰሌዳ ትልካለች።

«ኧረ ቀስ፣ ይኮረኩራል» አሉ ሴትዮዋ።

«እንግዲህ ቀልዱ ሳይጀመር እንዳይስቁብኝ» አለች ዘቢደር።

በወጋገን ከተማ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ወጋገን ጨረቃ ላይ፣ በአንድ ሰፊ ጉድጓድ ጠርዝ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አየሩ ይለካል፣ ውሃው ይለካል፣ ሳቁ የማይለካበት ምክንያት የለም። ሳይለካ የቀረው ሐሜት ብቻ ነው፤ እሱም ስለበዛ ነው።

ዘቢደር ራሷ ግን አንገቷ ላይ ምንም የለም። መሣሪያውን የሠራችው እሷ ስለሆነች አዳራሹ ውስጥ መሳቅ አይፈቀድላትም፤ የባለሙያ ሳቅ የሌላውን ሳቅ ስለሚጋብዝ ልኬቱን ያበላሻል ተብሎ ደንብ ወጥቶበታል። ስለዚህ ቀልድ ሲመጣ ምላሷን በጥርሷ መያዝ ለምዳለች። ኮስታራ ናት ይሏታል። ሰው ስለ ሰው የማይለው የለም።

የዚያን ቀን የሚመዘኑት ለአዋቂዎች የተሠሩ ሁለት የካርቱን ኮሜዲ ድራማዎች ነበሩ። ከተማዋ ያላት የሥዕል ማሽን አንድ ነው፤ በመጪው ዓመት የሚቀጥለውም አንድ ድራማ ብቻ ነው። የተሸነፈው ይዘጋል፣ ገጸ ባሕርያቱም ከማከማቻው ይሰረዛሉ። የትኛው የተሻለ እንደተጻፈ የምትፈርደው ሳቅ ለኪ ናት፤ ከፍርዱ ሥር የሚያርፈው ፊርማ ደግሞ የዘቢደር ነው።

አንደኛው «ሰባተኛ ፎቅ» ይባላል። የጻፈው ሰው አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ «ቀለሜ» ብሎ ስም ያወጣለት የመጻፊያ ማሽን ነው። ስሙ የወጣለት እንደ ጎበዝ ተማሪ ሁሉን አንብቦ፣ ሁሉን መልሶ፣ ጓደኛ ስለሌለው ነው። ሁለተኛው «የጅቦች ዕድር» ነው፤ የሚጽፉት ከስልሳ ዓመት ያለፉት እትዬ እታፈራሁ ናቸው።

መጀመሪያ «ሰባተኛ ፎቅ» ታየ። አማት፣ ልጅ፣ ጎረቤትና ካልሲ የሚደብቅ ሮቦት አንድ ቤት ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። ቀልዱ ሳይዘገይ ሳይቸኩል ይመጣል፣ ሰዉም በሰዓቱ ይስቃል። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። ቀለሜ ሥራውን ያውቃል፤ የሚካድ አይደለም።

ቀጥሎ «የጅቦች ዕድር» ተጀመረ። ጅቦች ዕድር መሥርተው የመጀመሪያውን ሟች ሊቀብሩ ተሰብስበዋል። ሟቹ ጎረቤታቸው አህያ ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ቅልጥሙ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ጉሮሮውን ጠረገና «ባጭሩ ለመናገር» ብሎ ስለ ሟች ደግነት ማውራት ጀመረ። ንግግሩ አያልቅም። «ባጭሩ» ባለ ቁጥር ከኋላ ረድፍ አጥንት ሲሰበር ይሰማል፣ ሳጥኑም እየቀለለ ይሄዳል። የሟች ዘመዶች፣ አህዮቹ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ ወደ ኋላ ዞረው እንዳያዩ ይሉኝታ ይዟቸዋል። በመጨረሻ ጋሽ ቅልጥሙ አፉን በመሐረብ ጠርጎ «ሟች ከእኛ አልተለየም፤ በውስጣችን ይኖራል» አለ።

አዳራሹ ጭጭ አለ።

ከፊተኛው ረድፍ መካከል የወጋገን ምክር ቤት ሊቀመንበር አቶ ደምመላሽ ተቀምጠዋል፤ በጥቁር ሱፍ። አቶ ደምመላሽ ንግግራቸውን ሁሉ «ባጭሩ ለመናገር» ብለው ይጀምራሉ፤ ማለቂያውን ነቅቶ ያየ ሰው ግን የለም። ከተማው ውስጥ ምድርን የሚያሳይ ባለ መስኮት ቤት የሚሰጡትም የሚነሡትም እሳቸው ናቸው።

ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ምራቃቸውን ዋጡ። ሳቅ ለኪዎቹ ይህን ሁሉ «ተጸየፈ» ብለው ተረጎሙት። ቀጥሎ አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፣ ሌላዋን ሳል ያዛት፣ ሦስተኛውን ሆዱን ቆረጠው፤ ሌሎችም በየሰበቡ ተከትለው ወጡ። ከበሩ ውጭ ያለ ሳቅ ለኪ ሰሌዳው ስለማይደርስ እያንዳንዳቸውን «ጥሎ ወጣ» ብሎ መዘገበ። «የጅቦች ዕድር» ያለቀለት መሰለ።

ይህን ጊዜ ከአራተኛው ኮሪደር በር በላይ ያለው መብራት ቀይ ሆነ። በየበሩ አናት ትንፋሽ ጠባቂ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከበሩ ወዲያ የተቃጠለ አየር ሲጠራቀም ያሸትና መብራቱን ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይለውጣል። ወጋገን ላይ ቀይ አይቶ የሚቀመጥ ባለሙያ የለም። ዘቢደር የመፍቻ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የአየር ማጽጃው ደህና ነበር። ኮሪደሩን የሞሉት ጥለው ወጡ የተባሉት ተመልካቾች ናቸው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ የውሃ ቧንቧ አቅፎ ትከሻው ይርገፈገፋል። ሁለት ሴቶች አንዷ በሌላዋ ላይ ተደፍተዋል። ሌላው እጅጌውን ነክሶ ያለቅሳል፤ እንባው በጨረቃ ወግ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንዱ «ባጭሩ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ግድግዳውን ይዞ ተንሸራተተ።

«ዘቢዬ፣ በናትሽ እንዳትናገሪ» አለች የአትክልት ክፍሏ ድንቅነሽ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ለመስኮት ቤት ስጠብቅ ዘመኔ አለቀ። ፊታቸው ስቄባቸው ሊሰጡኝ ነው?»

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?»

«ይሄም ይጠየቃል?»

«ሰሌዳው ግን ሌላ ነው የሚለው።»

«ሰሌዳሽ እኔ የምፈራውን አይፈራም» አለች ድንቅነሽ።

ዘቢደር ስህተቷ የት እንደሆነ ገባት። ሳቅ ለኪን የሞከረችው ሰዎችን አንድ በአንድ በተዘጋ ክፍል አስቀምጣ ነበር። ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚያከብረውም የሚፈራውም ሰው አጠገቡ የለም። መሣሪያዋ ይሉኝታ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ይሉኝታን ከጡት ጋር ጠብታ ያደገች ሴት ይህን መርሳቷ በራሷ ላይ አናደዳት።

ከኮሪደሩ ጫፍ እትዬ እታፈራሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እዚህ ነበሩ እንዴ?»

«ጸሐፊ አዳራሽ አይገባም ብላችሁ የለ? እዚህ ይሻለኛል። ሰዉ የሚስቀው እዚህ ነው።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለምን አልነገሩኝም?»

«ተሸናፊ ሲያማርር ማን ይሰማል፣ ልጄ?»

ዘቢደር አጠገባቸው ተቀመጠች። «የቀለሜ ጽሑፍ መጥፎ ነው ይላሉ?»

«ኧረ አልልም። ግን አንድ ነገር ሞክሪ። የአማቲቱን ቃል ለልጅየው፣ የልጅየውን ለጎረቤቱ ስጪው። ምንም አይጎድልም፤ ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት። የጋሽ ቅልጥሙን ቃል ለሌላ ጅብ ብትሰጪው ግን ቀብሩ ይፈርሳል። ቀልድ ከባለቤቱ ባሕርይ ሲወጣ ነው የሚነክሰው።» ወደ ሰዎቹ እያዩ ቀጠሉ፦ «ደግሞም የቀለሜን ቀልድ ሰምቶ ሮጦ የወጣ ሰው የለም።»

«መብራት አጥፍቼ ደግሜ ላሳያቸው። በጨለማ ማን እንደሳቀ ስለማይታይ እውነተኛው ልኬት ይመጣል።»

«ጨለማው ከዚህ ኮሪደር በምን ይለያል?» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «እኔ ተደብቀው እንዲስቁ አልጻፍኩም። አንድ ቀን በብርሃን ልስማው። ከዚያ ቢዘጉት ይዝጉት።»

ዘቢደር ወደ አዳራሹ ስትመለስ አቶ ደምመላሽ ቆመው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር። «ባጭሩ ለመናገር» ብለው ስለ ባህል፣ ስለ ጨዋነት፣ ስለ አየር ቁጠባ ከተናገሩ በኋላ ወደ ሰሌዳው አመለከቱ። «ፍርዱ ግልጽ ነው። ፈርሚ።»

«አልፈርምም» አለች ዘቢደር።

«ምን አልሽ?»

«ሳቅ ለኪ ተሳስታለች።»

«አሁን ተበላሸች ነው የምትይው?»

«አሁን አይደለም። ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረችም። ያለፉት ፍርዶችም እንደገና ይታዩ።»

አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ሳቅ ለኪን ለመግዛት ሌሎች የጨረቃ ከተሞች ተሰልፈዋል፤ ዘቢደር በአንድ አረፍተ ነገር ሰልፉን በተነችው። አቶ ደምመላሽ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በገዛ እጅሽ የእንጀራ ገመድሽን ትበጥሻለሽ?»

«ይበጠስ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «የጅቦቹን ድራማ መብራት አጥፍተን አንዴ እንየው። ካልሳቁ እፈርማለሁ።»

አቶ ደምመላሽ ዞር ሲሉ አዳራሹ በሙሉ እሳቸውን ያያል። እምቢ ቢሉ ፈሩ ይባላሉ።

«ይታይ» አሉ። በሕይወታቸው ካደረጉት ንግግር ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር።

ኮሪደር ያሉት ተጠርተው ገቡ። እትዬ እታፈራሁም አብረው ገብተው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ የከለከላቸው የለም። መብራቱ ጠፋ። ጋሽ ቅልጥሙ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በአፍንጫው ተነፈሰ። የመጀመሪያው አጥንት ሲሰበር ሌላውን ሳቁ አመለጠው። ሳጥኑ መቅለል ሲጀምር አዳራሹ ተናጋ፤ ወንበር ይንኳኳል፣ አንዲት ሴት «ወይኔ ጎኔን» ትላለች። ሰሌዳው አረንጓዴውን አልፎ ዘቢደር አይታው የማታውቀው ደማቅ ሰማያዊ ውስጥ ገባ።

እዚያ ላይ ቢበቃ «የጅቦች ዕድር» አሸንፏል። ልኬቱ መጥቷል፣ ማንም አልታየም፣ ማንም ቤቱን አያጣም። ዘቢደር እትዬ እታፈራሁ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ያሏትን አሰበች። ፈራች። ቢሆንም መብራቱን አበራችው።

ሳቁ በመቀስ እንደተቆረጠ ቆመ። እጅ ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ድንቅነሽ ጉልበቷ ላይ ተደፍታለች። ሁሉም የአቶ ደምመላሽን ማጅራት ያያል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጋሽ ቅልጥሙ በትልቁ ስክሪን ላይ ክራቫቱን አስተካከለ፦ «ባጭሩ ለመናገር…»

ዘቢደር ምላሷን ከጥርሷ ለቀቀች። ለዓመታት የታፈነ ሳቅ ሲወጣ አያምርም፤ ተንቋቋ፣ ተንከተከተ፣ እንባዋን አመጣው። አፏን አልሸፈነችም። ሰሌዳው ባለቤት ያጣለትን ሳቅ ለየትኛው አንገት እንደሚሰጥ ግራ ገባውና «ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ፤ ብልሽት» ብሎ ጻፈ። ይህን ስታነብ ይብስ ሳቀች።

ድንቅነሽ ቀና አለች። ዘቢደርን አየች፣ የአቶ ደምመላሽን ማጅራት አየች፣ እጇን ከአፏ አነሣች።

«በቃ፣ ቤቱ ይቅርብኝ» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠበቀም።

አቶ ደምመላሽ ተነሡ። ሳቁ ረገብ አለ እንጂ አልቆመም። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ሳቅ ለኪዋን ከጉሮሯቸው ነቅለው ወንበሩ ላይ አኖሩ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ወደ አራተኛው ኮሪደር ሄደው ወጡ። የብረቱ በር ተዘጋ።

አሁን ሰዉ ዝም አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሁሉም ያሰላስላል፤ የድራማው መዘጋት፣ የዘቢደር መባረር፣ የመስኮት ቤቶቹ ነገር። ዘቢደር የበሩን መብራት ታያለች። አረንጓዴ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ሆነ። ንዴትም ትንፋሽ ያበዛል ብላ አሰበች። ቢጫው ግን አልቆየም፤ ቀይ ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ያን መብራት ቀይ ለማድረግ ንዴት እንደማይበቃው እሷ ታውቃለች። በብረቱ ውስጥም የታፈነ፣ እጅጌ የተነከሰበት የሚመስል ድምፅ ይመጣ ጀመር።

ለካ እሳቸውም የሚፈሩት ሰው ነበራቸው፤ አዳራሹን የሞላው ይኸው ሕዝብ።

አዳራሹ ሊፈነዳ ሲል ከኋላ እትዬ እታፈራሁ እጃቸውን አነሡ። ከሁሉ መካከል ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«በሩን ክፈቱት» አሉ። «እሳቸውም በብርሃን ይሳቁ።»

ዘቢደር የበሩን ቁልፍ ተጫነች።