የማክሰኞ ተረኞች

ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት ወላጆቹ ራሳቸው ነበሩ። አሥራ ስምንት ቤተሰብ ተሰባስቦ አንድ ቤት ተከራየ፤ ለሕፃናቱ አንዲት መምህርት ቀጠረ፤ የቀረውን ሥራ በተራ ተካፈለ። በየቀኑ ሁለት ወላጅ ይመጣል። አንዱ ከመምህርቷ ጋር ክፍል ይውላል፤ ሌላው ወለል ያጥባል፣ ምሳ ያሞቃል፣ የተሰበረ ይጠግናል።

ማክሰኞ የአናጢውና የልብስ ሰፊዋ ተራ ነበር።

አናጢውን ሰው ሁሉ ቱምቢ ይለዋል። ቱምቢ፣ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታነት የሚለካበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ሰውየውም እንደዚያው ነው። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጁን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያለብሳል፣ ራሱ ያመጣል። አንዳንድ ወላጆች በተራቸው ቀን የቤት ሠራተኛ መላክ ሲጀምሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ተራ የሚገባው ወላጅ ብቻ ይሁን፤ ወላጅ የማይመጣለት ልጅ ቦታውን ለሚመጣለት ይልቀቅ» ያለው እሱ ነው። ጸደቀ። ተጽፎ በር ላይ ተለጠፈ።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ። ልጅቷን ሚጣ ይሏታል። መመዝገቢያው ላይ «እናት» በሚለው ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። «አባት» በሚለው ቦታ «ሩቅ አገር ነው» ብላ ጻፈች። ሚጣ «እትዬ» እያለች ትጠራታለች። ይህም ማንንም አላስገረመም። ታናናሽ አክስቶች ባሉበት ቤት ያደገ ልጅ የገዛ እናቱን እትዬ ሲል ያልሰማ የለም።

ሚጣ አትናገርም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንድ ማክሰኞ መምህርቷ «ዝናብ ሲዘንብ ምን ይላል? የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ስትል፣ ሚጣ እጇን አወጣች።

«ጠብ፣ ጠብ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወጥ ቤት ድስት እያጠበች ነበር። ድምፁን ለየችው። ድስቱን አስቀመጠችና በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፈነች። ቱምቢ መሰላል ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ አያት። መሰላሉን አስደገፈና መሐረቡን አቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ ይረዝምባቸው ጀመር።

«ይሄ ወንበር ምነው እንዲህ አጠረ?» አለችው አንድ ቀን።

«የልጅሽ ነው። እግሯ መሬት አይደርስም ነበር።»

«በምን ለካሃት?»

«በዓይኔ።»

«ዓይንህ ሁሉን ይለካል በለኛ!»

ቀና ብሎ አያት። አተያዩ ረዘም አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። «የሰው ሚስት አይለካም» አለ።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። የምትለው ነበራት። አላለችውም።

በሳምንቱ ቱምቢ ተራውን ወደ ሐሙስ እንዲያዞሩለት ሰብሳቢዋን ጠየቀ። ሰብሳቢዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነገር ከአፏ የማያመልጥ ሴት ናት፤ ለልብስ ሰፊዋ ግን አዲሱን የተራ ዝርዝር መስጠት ግድ ነበረባት። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አይታ በቀጥታ ወደ ቱምቢ ሥራ ቤት ሄደች። እንጨት እየላገ አገኘችው።

«ምን አድርጌህ ነው ከእኔ የምትሸሸው?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«ታዲያ?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሜን ሁለት ጊዜ መላጨት ጀምሬአለሁ» አለ። «ባል ላላት ሴት ነውር ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«ባል የለኝም።»

«ሩቅ አገር ያለውስ?»

«እሱን በዓይኔም አይቼው አላውቅ። የእህቴ ባል ነው። ሚጣም የእህቴ ናት። እህቴ ሥራ ብላ እሱ ወዳለበት ሄደች፤ ሁለት ዓመቷ፣ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። እኔ አክስቷ ነኝ።»

መላጊያው ቆመ።

«ደንቡን አውቀዋለሁ» አለች። «ከዚያ ቤት ከወጣች ተመልሳ ዝም ትላለች። እኔ ነኝ የማውቃት። ለማንም እንዳትናገርብኝ። እሺ?»

ዝም አለ። ዝምታውን እሺ ብላ ተቀበለችው። እጇን ያዘ፤ መዳፉ ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ መዳፏ ላይ ቀረ። ብዙ ቆዩ። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ ሁለቱም ደነገጡ።

«ሐሙስን እተወዋለሁ» አላት።

ሳምንት ሙሉ እየዘፈነች ሰፋች።

ቱምቢ ግን አልዘፈነም። አሰበ። ሊያገባት ቆርጧል። ነገር ግን ቤት በውሸት መሠረት ላይ አይቆምም፤ ይህን አንድ ጊዜ ተጠራጥሮት አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ እውነቱ ይውጣ። ደንቡ ሥራውን ይሥራ። ልጅቷ ትውጣ። ሰኞ ጋብቻ ይፈራረማሉ፤ ማክሰኞ ልጁ ሆና፣ እጁን ይዛ፣ በሩ ተከፍቶላት ትገባለች። ለልብስ ሰፊዋ አልነገራትም። ያላለቀ ዕቃ ለባለቤቱ አሳይቶ አያውቅም፤ ይህንንም እንደዚያ አየው።

ረቡዕ ሄዶ ለሰብሳቢዋ ነገራት። ሰብሳቢዋ ለቅዳሜ ስብሰባ ጠራች።

ልብስ ሰፊዋ ስብሰባው ስለሚያፈሰው ጣሪያ መስሏት ነበር። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ ከቱምቢ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሕፃናቱ ከመምህርቷ ጋር በሚቀጥለው ክፍል ነበሩ። በመካከል ያለው በር ለሕፃን ቁመት ዝቅ ብሎ የተገጠመ መስታወት አለው።

ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንዲት እህታችን እናት ሳትሆን እናት ነኝ ብላ ተመዝግባለች። አክስት ናት። ነገሩን የነገረን ሰው እዚሁ አለ፤ ሐሰት ከሆነ ትናገር።»

ልብስ ሰፊዋ ሰብሳቢዋን አላየቻትም። ያየችው ቱምቢን ነው። እሱም አያት። ዓይኑን አልሰበረም።

«እውነት ነው» አለች።

ከወላጆቹ አንዱ፣ ቀለም ሻጩ፣ ከኋላ ሳቀ። «እኔ ሠራተኛዬን ብልክ ከበር መለሳችኋት! ወጥ የምትሠራ፣ ወለል የምታጥብ ሴት! የሷ አክስትነት በምን በልጦ ነው?»

«ወንድሜ፣ ቀስ በል» አለች አንዲት እናት። «ልጅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት።»

«አሳደገች አይደለም የሚለው፤ ወለደች ነው የሚለው። ደንቡ በር ላይ ነው፤ ማንበብ ካቃታት ልብሷ ላይ ትስፋው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ልጅቷ እዚህ ነው አፏን የፈታችው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እኔን ከፈለጋችሁ በየቀኑ ላጥብ። እሷን ተዉልኝ።»

«የደንቡ ባለቤት ምን ይላል?» አለች ሰብሳቢዋ ወደ ቱምቢ ዞራ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ ቱምቢ።

«እንግዲያው ልጅቷ ትውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ስምንት እጅ ወጣ። ሰብሳቢዋ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ስምንት ሰው ደግሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቱምቢ ብቻ ቀርቷል። ወፍራም እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ፤ ቀጥ አድርጎ ያዘው።

በመስታወቱ ማዶ ሚጣ ትልልቆቹ ሰዎች እጃቸውን ሲያወጡ አየች። የሚያውቅ ነው እጁን የሚያወጣው። እሷም አወጣች። እንድትጠየቅ እየጠበቀች፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ ለእትዬ ሳቀችላት።

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። የልጅቷን ቦርሳ ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ዛሬውኑ እኮ አላልንም» አለች ሰብሳቢዋ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ የሚጣን እጅ ይዛ ወጣች።

ቱምቢ መንገድ ላይ ደረሰባት። ሮጦ ነበር።

«ለሦስት ቀን ነው!» አለ እያለከለከ። «ሰኞ እንፈራረማለን። ማክሰኞ የእኔ ልጅ ሆና ትገባለች። ያን ጊዜ ማን አፉን ይከፍታል? ሁሉን አስቤዋለሁ።»

«አስበኸዋል።»

«ከሥሩ ቀጥ እንዲል ነው።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«አልቆ ላሳይሽ ብዬ።»

«ዝም ስትለኝ እሺ ያልከኝ መስሎኝ ነበር።»

«እሺ አላልኩም» አለ።

«አላልክም» አለች። «እውነትህን ነው፤ አንተ አትዋሽም።»

ሚጣ ቀሚሷን ይዛ ወደ ኋላ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ትጎትታት ነበር።

«ትወጂኛለሽ?» አላት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«እወድሃለሁ። ዛሬ ይሄን ቀሚስ የለበስኩት ለጣሪያው መሰለህ?»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

አየችው። የሸሚዙ አንገት ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ልታስተካክልለት እጇ ተነሣ፤ መለሰችው።

«እኔ ሰው ነኝ፤ አጠፋለሁ» አለች። «አንድ ቀን ቤትህ ውስጥ አንድ ነገር አጠፋለሁ። ያን ቀን እጅህን ታወጣለህ። አንተ ልክ ትሆናለህ፤ እኔና ልጄ ውጭ እንሆናለን።»

«ልጄ» ስትል ሊያርማት አልደፈረም።

ልጅቷን አዝላ ሄደች። ቱምቢ እስክትታጠፍ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ገባና ወንበሮቹን ደረደረ፤ ከስብሰባ በኋላ ወንበር መደርደር የእሱ ሥራ ነበር።

የሚጣን ቦታ በሳምንቱ የቀለም ሻጩ ሁለተኛ ልጅ ወሰደው። በወሩ ቱምቢ ተነሥቶ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይባል» ብሎ ጠየቀ። «አንተው አውጥተህ አንተው?» አሉት። ሳቁበት፤ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ሱቋ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄደ። በሁለቱም ጊዜ ሚጣ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ነበር። ስሟን ቢጠራት፣ ድምፅ የሚመጣው ከላይ፣ ከመኪናው ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ሳታቆም በዓይኗ በሩን አሳየችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሰፈር ቀይራለች አሉት።

ቱምቢ አላገባም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ከሥራ ሲመለስ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ አንዲት ረዥም ልጅ መንገድ አቋርጣ ወደሱ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችው። ጥርት ያለ፣ የማያፍር ድምፅ ነበር።

ዓይኖቿን አወቃቸው። እሷ አላወቀችውም። ከማዶ አንዲት ሴት የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ቆማለች። ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ወደሱ ታያለች፤ አልተንቀሳቀሰችም፤ ፊቷንም አላዞረችም።

ሰዓቱን አየ። «አሥር ተኩል» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

ሮጣ ተሻገረች። ቱምቢ ሰዓቱን ደግሞ አየው። አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ሊነግራት ከእግረኛ መንገዱ ወረደ። አውቶቡሱ መጥቶ በመካከላቸው ቆመ፤ ሲሄድ ማዶ ሰው አልነበረም።