ሃያ ምን?

ሬሳው ቆሞ ነበር። ደረቱ መጋዙን በሚሸከመው የድንጋይ መቁረጫ ማሽኑ ተንቀሳቃሽ ድልድይና በብረት ምሰሶው መሀል ተቀርቅሮ፣ የቅባት ጨርቁን በግራ እጁ እንደያዘ፣ አንገቱን ብቻ ደፋ አድርጎ ቆሟል። በፊቱ ያለፈ አንድ ፖሊስ ሳያስበው «ይቅርታ አባቴ» አለና ራሱ ደነገጠ።

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሞት ስታይ የኖረች፣ ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌዋ» የሚሏት፣ ከጥያቄዋ ይልቅ ዝምታዋ የሚያስፈራ ሴት ነች። ዙሪያዋን ቃኘች። የእብነ በረድ ብናኝ ወለሉንም መስኮቱንም አልብሶታል። ለመቃብር የተወለወሉ ድንጋዮች ስም ሳይጻፍባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከመጋዙ ቱቦ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሟቹ የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ሁልጊዜ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ፣ በድልድዩና በምሰሶው መሀል ባለው ሰባ ሳንቲሜትር ክፍተት ውስጥ ይቆማሉ። ከዚያ በእጅ መቆጣጠሪያው ሃያ ሚሊሜትር አዝዘው፣ ድልድዩ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ፈቀቅ ሲል፣ የሚገፋውን ረጅም ብሎን ቅባት ይቀባሉ። ዛሬ ግን ድልድዩ ፈቀቅ አላለም፤ መጣ።

ከኋላቸው ባለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ስክሪን ላይ «508 ሚሊሜትር» የሚል ጽሑፍ ይበራል።

መጀመሪያ የጠራችው ማሽኑን የገጠመችውን ቴክኒሺያን ነው። ከሥራዋም ከቅጥነቷም የተነሳ «ሽቦ» ይሏታል።

«ቀድመሽ የደረስሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ። ቀዩን ማቆሚያ ተጫንኩና ጮህኩ። የአባባ አማች ሮጦ መጣ። ምንም እንዳይነካ ነግሬው ስክሪኑን ፎቶ አስነሳሁት። ከዚያ ነው ጋሽዬ የመጡት፤ የአባባ ታናሽ ወንድም።»

«ስክሪኑ ስንት ይል ነበር?»

«አሁን የሚለውን። አምስት መቶ ስምንት።»

«ማሽኑ አብዶ ይሆን?»

«አያብድም፣ ኢንስፔክተር።» ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይኼ ሞተር ስቴፐር ነው። ሚሊሜትር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚቆጥረው እርምጃ ነው። አንድ ዙር ሁለት መቶ እርምጃ። ስንቱ እርምጃ አንድ ሚሊሜትር እንደሚሆን የምንነግረው እኛ ነን። ሲሳሳት ደግሞ እርምጃ ይጎድለዋል እንጂ ተርፎት አይሄድም።»

«እንግዲህ የሄደው ታዝዞ ነው ማለት ነው።»

ሽቦ ቀና አለች። «እሷ ናት ያደረገችው ይሉዎታል። ይጠብቁ።»

እውነትም አሏት። የመቃብር ድንጋይ ንድፍ የሚያወጣው አማች ስልኩን አሳያት። ፎቶው አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ የተነሳ ነው፤ 508 ይላል። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ሰው ማማት አልወድም። ግን ከስድስት ወር በፊት አንዱ ቆራጫችን ክንዱን ያጣው በዚሁ ማሽን ነው። የመከላከያው በር ሲከፈት ማሽኑ መቆም ነበረበት። አንድ ሰው የበሩን ሽቦ አገናኝቶት፣ ተከፍቶም ይሠራ ነበር። ሁሉም የሚጠረጥረው ልጅቷን ነው። አባባ ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ለምስክርነት ተጠርተው ነበር።»

የሟች ባለቤት በጎረቤት ተደግፈው መጡ። አላለቀሱም፤ እንባው ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስላል።

«ትናንት ራት ላይ» አሉ፣ «‹ነገ እውነቱን ተናግሬ እገላገላለሁ፤ ያ ልጅ ክንዱን አጥቶ እኔ አንደበቴን ይዤ ምን ልሆን ነው?› አለ።»

«እውነቱ ምን እንደሆነ ነገሩዎት?»

«አልጠየቅኩትም። ፊቱ ከብዶ ነበር።»

«ራት ላይ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ልጄና ባሏ፣ ወንድሙ። ያው ቤተሰብ ነን።»

ወንድምየውን በገዛ ቢሯቸው አገኘቻቸው። የድንጋይ ግዢውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የትዕዛዝ ወረቀት ተከምሯል፤ የእያንዳንዱ ድንጋይ ውፍረት በኢንች ተጽፏል።

«ስለ ማሽኑ ያውቃሉ?»

«እኔ? ለእኔ ማሽን ማለት ጫጫታ ነው» አሉ ዓይናቸውን እያሹ። «ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ሁለቱ ቆመዋል። ወንድሜ ... ወይኔ ወንድሜ! እኔ ልቅደምህ አላልኩህም?»

«ስክሪኑን አይተውታል?»

«እንዴት አላየው! ሃያ ነው የሚለው። እሱ ያዘዘው ሃያ፣ ማሽኑ የሄደው ግማሽ ሜትር። ያቺ ልጅ ነካክታ አበላሽታዋለች፣ ሌላ ምን ይሆናል? ነገር ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።»

ኢንስፔክተሯ አመስግናቸው ወጣች።

ፖሊሶቹ ምሰሶውን ፈትተው ሬሳውን ወስደውታል፤ ድልድዩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ብቻዋን ወደ ማሽኑ ቀረበችና ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች፤ ልብስ ሰፊ ከነበረችው እናቷ የወረሰችው የጨርቅ ሜትር ነው። ድልድዩ በሚሄድበት ሐዲድ ላይ ከዜሮው ምልክት እስከ ድልድዩ ለካች። ሃምሳ ሳንቲሜትር ከስምንት ሚሊሜትር። ማሽኑ አልዋሸም። ጣቷን ከቦታው ሳታነሳ ሜትሩን ገለበጠችው። ከጀርባው በኢንች ይቆጥራል።

ጣቷ ያረፈው ሃያ ላይ ነበር።

የማሽን ስህተት እንዲህ ልክ አይሆንም። ልክ የሚሆነው የሰው ክፋት ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው። ለሟች ባለቤት ወንበር ቀረበላቸው። ወንድምየው ከኋላቸው ቆመው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ።

«አባባ እንደ ወትሮው ሃያ አዘዙ» አለች። «ሃያ ምን? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እሳቸው ያሰቡት ሚሊሜትር ነው። ማሽኑ የተረዳው ግን ሃያ ኢንች ነው፤ አምስት መቶ ስምንት ሚሊሜትር። ፍጥነቱም አብሮ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ማቆሚያውን ለመጫን ጊዜ አላገኙም። የእጅ መቆጣጠሪያው ቁጥር እንጂ መለኪያ አይጽፍም። ስክሪኑ ደግሞ ከጀርባቸው ነው።»

«ይኸው! ቅንብሩን የሚያውቀው ማነው?» አሉ ወንድምየው።

«መጀመሪያ እኔም ልጅቷን አስቤ ነበር። ነገር ግን ሽቦ በደረሰችበት ሰዓት ስክሪኑ የሚለው በሚሊሜትር ነው። ፎቶው ይመሰክራል። እንግዲህ አንድ ሰው፣ አባባ ከሞቱ በኋላ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ መለኪያውን መልሶታል። ማሽኑ ያበደ እንዲመስል። ሽቦ ብትሆን ኖሮ ቁጥሩንም ዜሮ ታደርገው ነበር፤ ሞተሩ እርምጃውን ቆጥሮ እንደሚይዝ ታውቃለች። ይኼን ያደረገው ግን መለኪያ መቀየር ብቻ የተማረ ሰው ነው። ሽቦ፣ በኢንች አሠራሩን ለማን አሳይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ለጋሽዬ። ባለፈው ወር። ‹ድንጋዩ የሚመጣው በኢንች ስለሆነ አሳዪኝ› ብለውኝ።»

«ማየት ወንጀል ነው?» አሉ ወንድምየው።

«አይደለም። እስቲ መለኪያውን ቀይሪው፣ ሽቦ። ሞተሩ ኃይል የለውም፣ አይዞሽ።»

ሽቦ ቁልፉን ነካች። 508 ጠፋ፤ በምትኩ 20 በራ።

«ይኼን ቁጥር ዛሬ ጠዋት ማየት የሚችለው» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «መለኪያው ሳይመለስ በፊት እዚህ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ከሽቦ በኋላ ገባሁ ብለውኛል። ስክሪኑ ሃያ ይላልም ብለውኛል። ሁለቱ አብረው እውነት አይሆኑም፤ መለኪያውን መልሰው ሲሮጡ ቁጥሩ አብሮ እንደተለወጠ አላዩም። የበሩን ሽቦ ያገናኙትም እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ዛሬ ሊናገሩ የነበረው እሱን ነው፤ ትናንት ራት ላይ ሰምተዋቸዋል።»

ወንድምየው እጃቸውን ከሴትየዋ ትከሻ ላይ አነሱ። «ለሥራው ብዬ ነው በሩን ... ሥራ እየዘገየ ነበር። እሱ ደግሞ ለምኜው ለምኜው ... እንዲሞት አልፈለግኩም። ትንሽ ቢጎዳ፣ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ምስክርነቱ ቢያልፍ ብዬ ...»

የሟች ባለቤት ዞረው አዩዋቸው።

«ትናንት ራት ላይ ሁለቴ ጨመርኩልህ» አሉ በቀስታ። «‹ይበቃኛል› ስትል ‹ብላ እንጂ› አለህ ወንድምህ፤ የራሱን አንስቶ ሰጠህ። በላህ እኮ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ፖሊሶቹ ወንድምየውን ሲወስዷቸው ሽቦ ማሽኑን ከዋናው ማብሪያ አጠፋችው። ኢንስፔክተሯ ወረቀቷን እየሰበሰበች ሳለ ሴትየዋ እንባቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ምስክርነቱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት። ግን ይተላለፋል፣ እትዬ። ዛሬ ማን ይጠይቅዎታል?»

«አይተላለፍም። መኪና አለሽ?»

ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በፍርድ ቤቱ ረጅም ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ገና አልሰማም። ጥቁር የለበሱትን ሴት ሲያይ ብድግ አለ።

«እትዬ? አባባስ? አይመጡም እንዴ?»

ሴትየዋ የቀረለትን ግራ እጁን ያዙ።

«እኔ መጥቻለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ግባ።»