ጉም ውስጥ ዱላዬን የያዘው

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የሆነ ነው። ያላመነ አይመን።

አወቀ የሰደበኝ ባለፈው ሰኔ፣ በገበያ ቀን፣ መካነ ሰላም አሚራ ሻይ ቤት ነው። ተራራ ወጥቼ ቪዲዮ ልቅረጽ ሲል «ሙላው ይምራህ» አሉት።

«ስድስተኛ ክፍል ወድቆ የቀረው? በቅሎ ብከተል ይሻለኛል!»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አሚራም ሳቀች... አይቻታለሁ።

ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ሰው ሁሉ ከእሱ በታች ነው።

ማታውን ግን እናቱ እትዬ ምህረት ቤቴ ድረስ መጡ። «ሙላውዬ፣ አደራህን። ያለሱ ማንም የለኝ። ይዘህልኝ ተመለስ።»

በማግስቱ ለእሳቸው ስል ይዤው ሄድኩ።

ጠዋት ፀሐይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ በረዶ ወረደብን። ስምንት ሰዓት ላይ ጫፍ ስንደርስ... ጉሙ መጣ።

ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ የቆሙ ሰዎች መሰሉ።

እኛ ጋ ጉም ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። ይፏጫል እንጂ። ስሙን የሰማ ሌላ ነገር አለ ይባላል።

ትንሽ ብቀድመው አወቀ ጮኸ።

«ሙላው! ኧረ ሙላው!»

ሮጬ ተመለስኩ። «ዝም በል... አፏጭ ብቻ።»

«ወላሂ አንተ ሰውዬ ጅል ነህ! ጅብራው ነው የሚሰማኝ?»

የዱላዬን አንድ ጫፍ አስያዝኩትና ከፊት ሆኜ ቁልቁል መራሁት። በግራችን ገደል ነው።

ዝም አለ።

አወቀ ዝም ማለት አያውቅም...

«ደከመህ?»

«አይ።»

«በረደህ?»

«አይ።»

ጠጠሩ የሚንኮሻኮሸው በእኔ እግር ሥር ብቻ ነበር።

አፏጨሁ።

ከኋላዬ ምንም።

ከታች... ከጉሙ ውስጥ... ፉጨት መለሰልኝ።

ከዚያ የአወቀ ድምፅ፣ እያለቀሰ።

«ሙላው... እዚህ ነኝ እኮ። ወድቄያለሁ። እግሬ... ማንን ነው የምትጎትተው?»

ባለሁበት ቆምኩ።

ዱላው ከኋላ ትንሽ ተሳበ። ጆሮዬ ሥር፣ ያው የአወቀ ድምፅ አንሾካሾከ።

«እንዳትሄድለት። እሱ እኔ አይደለም።»

የቱ ነው የእትዬ ምህረት ልጅ?

ዞሬ ማየት አቃተኝ። ዱላውን ለቀቅኩት።

አልወደቀም።

ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬም ከታችም፣ ሁለቱም እኩል፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እናቴን ምን ልትላት ነው?»

ብቻዬን ወረድኩ።