የስለት ኳስ

የአትላንታው ቤዝቦል ቡድን ብሬቭስ በተከታታይ ለአስራ አንደኛ ጊዜ ሲሸነፍ አባቷ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። አልተሳደበም፤ ወንበሩንም አልገፋም። ዝም ብሎ አጠፋና መኝታ ቤቱ ገባ። ሕይወት ቢሳደብ ይሻላት ነበር። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ አንድ ዓመት ሙሉ አብራው ኖራለች።

አባቷ ወንዳፍራሽ ደሴ ላይ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ከዚያም በፊት ለአውራጃው ቡድን በረኛ ሆኖ ተጫውቷል። በሱዳን በኩል አትላንታ ከገቡ ወዲህ ግን ሚድታውን ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሳል። በአንድ ፉጨት አራት መቶ ተማሪ ያሰልፍ የነበረ ሰው፣ እንግሊዝኛው አልታዘዝ ሲለው ጊዜ አማርኛውንም እየተወው መጣ። እናቷ ብዙነሽ ስታናግረው «እህ» ይላል። ሕይወት ስታናግረው ፈገግ ይላል፤ በቃ። ዕድሜዋ አስራ አራት ነው፤ ማንም ባያስረዳትም ነገሩ ገብቷታል። አባቷ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እየጠፋ ነበር።

መልሶ ያመጣው ይኸው ቡድን ነው። ሚያዝያ ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ ዳኛቸው፣ ከአብዮቱ በፊት ለትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ ታክሲ ነጂ፣ እየጎተተ ወስዶ ቻናል አስራ ሰባት ፊት አስቀመጠው። አባቷ መጀመሪያ የጠየቀው ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ስብሰባ ብሎ ነበር። ሰዎቹ ይቆማሉ፣ ይተፋሉ፣ ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። ቡድኑ ግን ያሸንፋል። አምስት አሸነፈ፣ ስምንት አሸነፈ፣ አስር አሸነፈ። አንድም ሳይሸነፍ አስራ ሦስት ሲደርስ ከተማው በደስታ አበደ። ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች አባቷ ሲገባ ጣታቸውን እያነሡ ቁጥሩን ያሳዩት ጀመር። አንድ ቀን እሱም ሳያስበው የማታውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ተረከላቸው። ቤት መጥቶ ያንኑ በአማርኛ ደገመው። እናቷ ወጡ እስኪያርባት ድረስ ቆማ ሰማችው።

የሚያደንቀው ደግሞ ኳሱን ከአጥር ወዲያ የሚልኩትን ብቻ አልነበረም፤ የአስተማሪ ዓይን አለው። «ካቸሩን እዪው» ይላታል፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለውን፣ ጭንብልና የደረት መከላከያ ያጠለቀውን ሰው ማለቱ ነው። ጓደኞቹ ኳስ መቺው ወደሚሮጥበት ወደ አንደኛው ማዕዘን በወረወሩ ቁጥር፣ ያ ሰው ትጥቁን ሁሉ እንደተሸከመ ከኋላቸው ይሮጣል፤ ድንገት ቢያመልጣቸው እንዲይዝላቸው። የሚያመልጣቸው ከሃምሳ አንዴ ቢሆን ነው። አርባ ዘጠኙን ጊዜ በከንቱ ሮጦ በከንቱ ይመለሳል።

«ማንም አያጨበጭብለትም» አለ አባቷ። «ብዙ ሰው አያየውም። እሱ ግን ይሮጣል። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ለፍልፌ ያላስረዳሁትን ነገር ይሄ ሰውዬ በእግሩ ያስረዳል።»

ሰኔ ላይ ጋሽ ዳኛቸው ስታዲየም ወሰዳቸው። ከመቺው ዱላ ጠርዝ የተፈናጠረ ኳስ ወደ ተመልካቹ ሲበር ሰው ሁሉ ራሱን ሸፈነ። አባቷ ግን ብድግ አለና በባዶ እጁ ይዞ ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ በረኛ ምንጊዜም በረኛ ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። እሱም በኩራት ቀና ብሎ ኳሱን ወደ ሜዳ ሊመልስ እጁን ወደ ኋላ ሳበ። በእግር ኳስ ያደገ ሰው ምን ያድርግ፣ ኳስ ተመልካች ውስጥ ከገባ ይመለሳል፤ ጨዋታው እየጠበቀ ነዋ። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ጮኹ፣ ጋሽ ዳኛቸውም ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። እዚህ አገር የያዘ ሰው ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ሲሉት አባቷ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሕይወት አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳሱ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ እናቷ በሠራችው ዳንቴል ላይ ተቀምጧል።

ሐምሌ ሲያልቅ ነገሩ ተበላሸ። ሁሉንም ጥሎ ይመራ የነበረው ቡድን መሸነፍ ጀመረ፤ ሲጀምር ደግሞ ማቆሚያ አጣ። አባቷ መጀመሪያ ተከራከረላቸው፤ ቀጥሎ ማውራቱን ቀነሰ፤ በአስራ አንደኛው ሽንፈት ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በማግስቱ እናቷ ስታናግረው «እህ» አለ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን በተዋሱት አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ይለምናል። የመኖሪያ ወረቀት የሚለምን አለ፤ ሱዳን የቀረ ወንድሙን የሚለምን አለ። ሕይወት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኗን ጨፍና ስለ ቤዝቦል ለመነች። አፍራለች፤ ግን ለመነች። «እመቤቴ ማርያም፣ ቡድኑን አንደኛ አድርገሽ ጨርሺልኝ። ኳሱን ለቤትሽ አገባለሁ።» ስለት ማለት የሚወዱትን መስጠት ነው ሲባል ሰምታለች። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ከዚያ ኳስ በላይ የሚወደድ ዕቃ አልታያትም።

ሐሙስ ቡሄ ነበር። እናቷ ሙልሙል ጋግራ ጋሽ ዳኛቸውን ጠርታዋለች። እሱም ገብቶ ማንንም ሳያስፈቅድ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። የዕለቱ ኳስ ወርዋሪ ስታዲየም አልደረሰም እየተባለ ነበር። ሰውየው ከካሪቢያን የመጣ፣ ለከተማው አዲስ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ገና ማውጣቱ ነው።

«ቱ ኤይቲ ፋይቭ ላይ ጠፋ!» አለ ጋሽ ዳኛቸው፤ ከተማውን ዙሪያውን የሚከብበውን አውራ ጎዳና ማለቱ ነው። «ኤግዚቱ ጠፍቶት ሲዞር፣ ሲዞር፣ ጋዙ ረን አውት አደረገበት።»

ብዙነሽ ወደ ባሏ ዞር አለች። «ወንድምህ ተገኘ» አለችው።

ወንዳፍራሽ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሰሞን እሷን ከሥራ ለማምጣት ወጥቶ፣ በዚያው መንገድ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ቤንዚን ጨርሶ በእግሩ ነው የተመለሰው። እስከዛሬ በቤቱ ይህን ያነሣ አልነበረም። አሁን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የወርዋሪው ጓደኞችም እንዲሁ ሳይስቁበት አልቀሩም። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ወረወረና ቡድኑ አሸነፈ። በማግስቱም አሸነፈ። ከሃያ አንድ ጨዋታ አስራ ዘጠኙን የተሸነፉት ሰዎች፣ የተሰደቡትና የተቀለደባቸው ሰዎች፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ማሸነፋቸውን ቀጠሉ። አባቷም ማውራቱን ቀጠለ።

ሕይወት ደስታዋን ሳታጣጥም አንድ ነገር ትዝ አላት። ኳሱ የእሷ አይደለም። የሰው ዕቃ ነው የተሳለችው።

አዲስ ዓመት ገባ፣ ትምህርት ተጀመረ፤ እሷ ግን በየቀኑ ውጤት ታያለች፣ ግማሽ ልቧ ያሸንፉ እያለ ግማሹ ይሸነፉ እያለ። መስከረም ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው ቀን መጣ። ብሬቭስ ሳንዲያጎ ሄዶ ተሸነፈ። በሁለተኛነት የሚከተላቸው ሎስ አንጀለስ በዚያ ቀን ካሸነፈ እኩል ሊሆኑ ነው። አባቷና ጋሽ ዳኛቸው ሬዲዮኑን መሃላቸው አድርገው የሌላ ሰው ጨዋታ ውጤት ጠበቁ። ሎስ አንጀለስ ተሸነፈ። አባቷ ዘሎ ተነሣና ኳሱን ከዳንቴሉ ላይ አንሥቶ ሳመው። ተሸንፈው አንደኛ ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ሴይንት ሉዊስ ለዋንጫው በሚደረገው ማጣሪያ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አሸነፋቸው። ሕይወት የአባቷን ፊት እያየች ያንን ዝምታ ጠበቀች። አልመጣም። አባቷ መቶ ስልሳ ሁለት ጨዋታ በስድስት ወር መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳት ጀመር፤ እንደዚያ ወድቆ የተነሣ ቡድን በሕይወቱ አላየም፤ ተማሪዎቹ እዚህ ሆነው ቢያዩ ምንኛ ደስ ባለው።

በትምህርት ቤቱ አውቶብስ ውስጥ ስለቱን ለጓደኛዋ ለሣራ ነገረቻት። ሣራ ጴንጤ ናት፤ ስለት የሚባል ነገር እነሱ ቤት የለም።

«ካም ኦን፣ ሕይወት» አለች ሣራ። «ላስቱን ጌም ሉዝ አድርገዋል እኮ። ፕሌይኦፉንም። አይቆጠርም። ደግሞ ላይክ፣ ማን ሰማሽ?»

እውነቷን ነው፣ ማንም አልሰማትም። ሆኖም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አባ ገብረሕይወትን ቀርባ፣ አንዲት ልጅ የሰው ዕቃ ብትሳል ምን ታደርጋለች ብላ ጠየቀቻቸው። አባ የጎረቤቱን በሬ የተሳለ ገበሬ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አሏት። የሰው ንብረት ስለት አይሆንም። ልጅቷ ሻማ ታግባ፣ እመቤታችን ልቧን አይታ ትቀበላታለች። ይህን ብለው ትንሽ አዩዋት፤ ማን ናት ልጅቷ ብለው ግን አልጠየቁም።

ጥቅምት ሃያ አንድ የማርያም ዕለት እሁድ ላይ ዋለ። ሕይወት በዋዜማው አንድ እሽግ ሻማ ገዛች። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቤት ስትገባ ግን አባቷ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ኳሱን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ጨዋታ የለም፤ የውድድሩ ዘመን አልቋል። ለምን እንደሚወለውለው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሻማው ለእመቤታችን ይበቃል፣ አለች በልቧ። አባቷ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ማንም ያላየው እየመሰለው ነው የኖረው።

«አባዬ፣ ኳሱን ተስዬው ነበር» አለች።

«የትኛውን ኳስ?»

ቤታቸው ውስጥ ሌላ ኳስ የለም። ሁሉንም ነገረችው፤ ፍልሰታን፣ ቡሄን፣ አባ ያሏትን። ሻማውንም አሳየችው። «ኳሱ ያንተ ነው፤ አልወስደውም» አለች። «እንድታውቅ ብዬ ነው።»

አባቷ ኳሱን በእጁ አገላበጠው። «ይሄን ያህል ቡድኑን ወደሽው ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ውሸትም አይባልም፤ ቡድኑን ትወደዋለች። ሙሉው እውነት ግን ያ አይደለም።

«እነሱ ሲሸነፉ አንተ ዝም ትላለህ» አለች። «ዝም ስትል እፈራለሁ።»

አባቷ ኳሱን እንደያዘ ዝም አለ፤ ያኛው ዝምታ ግን አልነበረም፤ በዚህኛው ውስጥ እያያት ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ከኋላዬ ስትሮጪ ነበር ማለት ነው» አለ። «እኔ እንደሆን ዞሬ አላየሁም።»

ዓይኑን ጠረገና ተነሣ፤ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ እንድትቆም በእጁ አመለከታት።

«ያን ቀንም ልመልሰው ብዬ ነበር፣ ዳኛቸው ነው የከለከለኝ» አለና ወረወረላት።

በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ኳሱ ከምታስበው በላይ ከባድ ነበር። አባቷ እጇን አይቶ አውራ ጣትሽን ጠጋ አድርጊ አላት፤ ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

ስለት የሚያገባ ሰው ነገ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ምን እንደተደረገለት ይናገራል። ለቤዝቦል ነው ብትል ይስቃሉ። ሕይወት ኳሱን በዳንቴሉ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሻማውንም ከጎኑ አደረገችው። ከማድ ቤት የአባቷ ድምፅ ይሰማል። ለእናቷ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር፣ እየተረከላት ነበር። ሕይወት ቦርሳውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ነገ የምትናገረውንም ያን ጊዜ አወቀችው።