ይለፉ ያልኩት ሰው

የምነግራችሁ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... ካርዱ ግን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል። ቦታው ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ ያለችው ትንሽ ጫካ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ጫካው ውስጥ ባለው የዲስክ ውርወራ መጫወቻ መግቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰው ጠበቅን።

ማንን እንደምንጠብቅ ግን አልተነጋገርንም።

ስንደርስ ወንበሩ ላይ አንድ ነጭ ዲስክ አገኘን። ወንድሜ እኔን ከሰው ለማስተዋወቅ የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም፤ ዛሬም ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱን ጠርቶብኛል ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። እሱ ደግሞ የውጤት መመዝገቢያ ካርዱ ላይ ለሦስት ሰው መስመር አስምሮ ቁጭ ብሏል።

"ጓደኛሽ ግን አልቆየችም?" አለኝ በመጨረሻ።

"የኔ ጓደኛ?"

"ታዲያ የማን ናት?"

"ያንተ ባልደረባ መስሎኝ ነው እኮ... አፍሬ ዝም ያልኩት።"

ተያየን። እሱ ሳቀ።

"አይ ድመት" አለኝ። ድምፄ ስለማይሰማ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "አፍሽን እስክትከፍቺ ፂሜ ሸበተ።"

ነጩን ዲስክ ገልብጦ አየው። ጀርባው ባዶ ነው።

ይሄ ትንሽ ይገርማል። ተጫዋች ሁሉ ዲስኩ ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ጫካ ውስጥ ቢጠፋ ያገኘው እንዲደውል። የእኛ ብርቱካናማ ዲስኮች ጀርባ ላይ በወንድሜ እጅ የቤታችን ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩም "ያገኘኝ ይደውል" ይላል።

ነጩን ወንበሩ ላይ ትተነው ተነሣን።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እንደ ድስት ክዳን ጠፍጣፋ የሆነውን ዲስክ በዛፎች መሀል እየወረወሩ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ያቺ ጫካ ያሏት ቅርጫቶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ለዚህም ነው እናታችን የፈቀደችው። ወንድሜ ልቡን ታክሞ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። በር ላይ እጄን ይዛ፣ "ሳይጨልም መልሰሽ አምጪልኝ። አደራ" ብላኛለች።

አደራው የኔ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅርጫቶች በደህና ጨረስን። ሦስተኛውን ጨርሰን ወደ አራተኛው ስንሄድ ከኋላችን ሰንሰለት ተንሿሿ።

ዞር አልን።

ማንም የለም። ቅርጫቱ ግን ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

"ነፋስ ነው" አለ ወንድሜ።

ቀና ብዬ ዛፎቹን አየሁ። አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም።

አራተኛውን ጨረስን። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን... ሰንሰለቱ እንደገና ተንሿሿ።

አምስተኛው መነሻ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ዲስክ ከኋላችን መጣ። ዝቅ ብሎ፣ ያለ ድምፅ። በአጠገባችን አልፎ መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈና ሳሩ ላይ አረፈ።

ነጭ ነው።

"ግራኝ ነው" አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። ጨዋታውን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የነገረኝ ይህንን ነው። በቀኝ እጅ የተወረወረ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በግራ እጅ የተወረወረ ወደ ቀኝ።

"ማነው እሱ?"

"ምን አውቄ። እኔ እየተንቀረፈፍኩ አስጠበቅነው መሰለኝ። እናሳልፈው።"

ደንቡ ነው። ቀርፋፋው ዳር ይዞ፣ ከኋላ ያለውን ተጣርቶ ያሳልፋል። ወንድሜ ግን ትንፋሽ አጥሮት ግንድ ተደግፏል።

"አንቺ ጥሪልኝ።"

በሕይወቴ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ እጄን ነበር የማወጣው።

ያን ቀን ግን ጮህኩ።

"ይለፉ..."

ዳር ይዘን ቆምን። አምስት ደቂቃ... አስር ደቂቃ...

ሰው አልመጣም። ሳሩን ሳይ ነጩ ዲስክ የለም።

ወዲያው ሰንሰለት ተንሿሿ። አሁን ከፊታችን።

"አለፈ" አለ ወንድሜ በሹክሹክታ።

"በየት በኩል አለፈ? እዚሁ ቆመን የለም እንዴ?"



የሚያልፍ ሰው ይሄዳል። ይሄኛው አልሄደም።

ሰባተኛው ላይ ከተወረወሩት ዲስኮቻችን በስተኋላ፣ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ፣ ነጩ ተጋድሟል። ወንድሜ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

"ለምን አትወረውርም?"

"ተራው የሱ ነው። ሩቅ ያለው ነው የሚቀድመው።"

"የማን ነው ተራው?"

ወንድሜ ልጅ ሆነን እንኳ ጨዋታ አጭበርብሮ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆጥር እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆጥር ነበር። አሁንም እርሳሱን አውጥቶ ካርዱ ላይ ይጭራል... ባዶ በተውነው በሦስተኛው መስመር።

"ምን እየጻፍክ ነው?"

"የወረወረውን።"

"ወንድሜ... ወደ ቤት እንሂድ።"

"ከዚህ ሌላ ሁለት ቅርጫት ነው የቀረን፣ ድመት። ጀምሮ መተው ደስ አይልም።"

ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ይዤ ልጎትተው አሰብኩ። አፍሬ ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ዘጠነኛው ቅርጫት ለመኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው። መኪናችን በዛፎቹ መሀል ይታየኝ ነበር። ወንድሜ ወረወረ፤ አጭር ሆነበት። እንደገና ወረወረ፤ ግንድ መታና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ካርዱ ላይ ሁለት ጭረት አሰመረና ሰጠኝ።

"ያዢልኝ። ላምጣው።"

"እኔ ላምጣልህ።"

"እሾህ ነው። ቁሚ እዚሁ።"

ገባ።

የጠፋ ዲስክ የሚፈለገው ሦስት ደቂቃ ነው። ሰዓቴን አየሁ።

አንድ ደቂቃ... የሚረግጠው ቅጠል ይሰማኛል።

ሁለት ደቂቃ... አይሰማኝም።

"ወንድሜ?"

አንድ እርምጃ ወደ ቁጥቋጦው ጠጋሁ።

"ወንድሜ..."

"አገኘሁት" አለ ከውስጥ።

ወጣ። ብርቱካናማውን ዲስክ ይዟል። ልብሱ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳ አልነበረችም። ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ አይልም።

ሳያነጣጥር ወረወረ። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሄደ... መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ሰንሰለቱ ተንሿሿ።

"እንሂድ" አለኝ። "እማዬ ትጠብቃለች።"

ሳይጨልም ደረስን። እናቴ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችው። እኔንም ሳመችኝና "አመጣሽልኝ" አለች። ራት ላይ ማንኪያውን በግራ እጁ አነሣ። እናቴ አንዴ አየችው። ከዚያ የውሃ ብርጭቆውን ከቀኙ አንሥታ በግራው አስቀመጠችለት።

በሳምንቱ ሐኪሙ ልቡን አዳምጦ ተገረመ። አሁን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የሚወጣው። እሱ ከታመመ ወዲህ እናቴ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ምን ብዬ ልንገራት?

ካርዱን እሁድ ጠዋት ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። ዘጠነኛው ቅርጫት ላይ በሦስተኛው መስመር "ጨረሰ" የሚል ቃል አለ። ማን እንደጻፈው አላውቅም። በወንድሜ መስመር ሁለት ጭረት ነበር።

ማታ ጭረቱ ሦስት ሆነ።

ሰኞ ሰባት። ጭረቶቹ የሱ ናቸው፤ እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ራሳቸው ላይ ትንሽ ይጎብጣሉ። እዚያ ሆኖ አሁንም እየወረወረ ነው። አልገባለትም።

ትናንት አርባ ስድስት ሲደርስ አልቻልኩም። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ብቻዬን ሄድኩ።

ነጩ ዲስክ ወንበሩ ላይ ነበር። ገለበጥኩት።

ጀርባው ባዶ አልነበረም። የቤታችን ቁጥር፣ በወንድሜ እጅ። ከሥሩም... "ያገኘኝ ይደውል።"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጠራና ተነሣ።

"ሄሎ" አለ። የወንድሜ ድምፅ ነው።

አፌን መክፈት አቃተኝ። ጫካው ውስጥ፣ በዘጠነኛው ቅርጫት በኩል፣ አንድ ነገር ግንድ መትቶ ወደቀ።

ስልኩ ውስጥ ያለው በሹክሹክታ፣

"ድመት... ተራው ያንቺ አይደለም። ዲስኩን እዚያው አስቀምጪና ነይ ወደ ቤት።"

አስቀመጥኩት። ሄድኩ። እናቴ ራት አቅርባ ነበር፤ ሦስታችንም በላን።

ከመተኛቴ በፊት ካርዱን አየሁት። አርባ ሰባት ሆኗል።