ደረጀ የበየደው ባቡር

በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም ማመን አልፈልግም፣ የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ቡራዩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ላይ የእንግሊዞችን ባቡር አገኘ፣ በከሰል የሚሄድ፣ ሰውም ዕቃም የሚጎትት፣ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ የናፍጣው ሲመጣ ሳያረጅ ቆራርጠው ያቀለጡት።

"እኛ ሰበታ የኤሌክትሪክ አለን፣ ጭስ ምን ያደርግልሃል?" ብዬ ስቀልድበት፣

"ዝም በል አንተ! ዕድሜውን ሳይጨርስ እኮ ነው የገደሉት" ብሎ የምሩን ተቆጣኝ። ከዚያ ከቁርጥራጭ ብረት በግ የሚያህል ባቡር ሠራ፣ ሆዱን ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር፣ ዙሪያውን በይዶ የደፈነው፣ እሳት የሚገባበት ቀዳዳ እንኳን የሌለው።

ደረጀን የገደለው የቤንዚን በርሜል ነው። በርሜሉ ከመበየዱ በፊት ውሃ ይሞላል፣ አለዚያ ይፈነዳል፣ ደረጀ ደግሞ ሞልቶም አያምንም፣ ከታች ወደ ላይ በመዶሻ እያንኳኳ ውሃው የት እንደደረሰ ያዳምጣል። ኦቦ ቶሎሳ ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እናቴ እየሰማች፣ "ችኩል ልጅ ነበር፣ ውሃ ሳይሞላ ነካው" አለ። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በልቤ አንቱ አልለውም።

ከሰልስት በኋላ ባቡሩን ልወስድ ስሄድ ኦቦ ቶሎሳ ለቆራሌው ሊሸጠው ሲደራደር ደረስኩ።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ ይተዉት፣ የወንድሜ ነው።"

"ብረቱ የማን ነው? የተበየደበት ኤሌክትሮድስ የማን ነው? ሂድ፣ ለቅሶህን ተቀመጥ!"

ቆራሌው አቅፎ ሊያነሳው ሲል ለቀቀውና እጁን አራገበ። "ይፋጃል እኮ ጋሼ!"

"በዚህ ዝናብ ምን ይፋጃል፣ ሰነፍ!"

እመኑኝ፣ የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ማንም ብየዳ አልነካም፣ ግን ከጭስ ማውጫው ቀጭን እንፋሎት ወጣ፣ ቀጥሎ ከድፍኑ ሆድ ውስጥ መንኳኳት ጀመረ፣ ከታች ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ባዶ ዕቃ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ። ከዚያ እንደገና ከታች።

ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። "ውሃ አልነበረም!" ብሎ ጮኸ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ቧንቧው ደርቆ ነበር፣ ደንበኛው ቆሞ ይጨቀጭቀኛል፣ ደረጀን 'ግድ የለም፣ በይደው' አልኩት! በቃ፣ ውሰደው!"

አንገቱን ላንቀው ፈለግኩ፣ እጄ ግን እንቢ አለኝ። ባቡሩን ስነካው በረዶ ነበር፣ በባጃጅ ጭኜ ሰበታ አመጣሁት።

አሁን ግማሹ ንዴቴ ወደ ደረጀ ዞሯል። ጆሮዬን ባቡሩ ላይ እለጥፋለሁ፣ ምንም የለም፣ ለዚያ ሰውዬ ተናግሮ ለእኔ ዝም!

ለእናቴ ስለ መንኳኳቱ አንድም ቃል አልነገርኳትም። ትናንት በቀትር ሽንኩርት እየላጠች ቀና አለችና፣ "ክፈትለት እንጂ፣ ስንቴ ያንኳኳ?" አለችኝ።

እኔ ምንም አልሰማሁም።